ማሻሻያው ስለዘገየበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ደንበኞቻችን፦

በሽያጭና በዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራማችን ላይ የጠየቃችሁትን አዲስ የሪፖርት ገጽ አቆይተን ባለሙያዎቻችንን በሙሉ የፕሮግራሙን ፍተሻ ወደ ማስተካከል ሥራ ማዞራችን እንዳስቀየማችሁ ተረድተናል። ስላጉላላናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ለእናንተው ሲባል የተወሰነ ነውና ምክንያቱን እንድታውቁልን እንፈልጋለን።

በሽያጭና በዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራማችን ላይ አንዲት የኮድ መስመር በተለወጠች ቁጥር፣ ለውጡ ሱቃችሁ ከመድረሱ በፊት ኮምፒውተሩ ራሱ ደረሰኝ እየቆረጠ፣ ዱቤ እየመዘገበና ዕቃ እየቀነሰ ይፈትሸዋል። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ፍተሻው በከንቱ እንዳይወድቅ ተብሎ «መዝግብ» ከተጫነ በኋላ 3 ሰከንድ እንዲቆም ተደርጎ ነበር፤ ምዝገባው ወዲያው ቢያልቅም 3ቱ ሰከንድ ሳይሞላ አያልፍም። ይህች ትንሽ ጊዜ በ1,200 ቦታ ስትደጋገም ሙሉ 1 ሰዓት ትሆናለች፤ አንድ ፍተሻ ከወደቀም ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። ጠዋት ሰኞ ገበያ ካለ አንድ ሱቅ የተነገረን የሒሳብ ስሕተት ቶሎ ታርሞ ሳለ ባለሱቁ ዘንድ ከሰዓት በኋላ የሚደርሰው በዚህ የተነሳ ነበር።

ቆይታውን ሰርዞ መገላገል አይቻልም ወይ ያላችሁን አላችሁ። በጅምላ ቢሰረዝ ፍተሻው መዝገቡ ሳይደርስ ቀድሞ ያይና ደኅናውን ሥራ ተበላሽቷል ይላል፤ በሐሰት ደጋግሞ የሚጮህ ፍተሻ ደግሞ እውነተኛ ስሕተት ያገኘ ዕለት ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቦታ እያነበብን፣ በሰከንድ ፋንታ የሚጠበቀውን ነገር ራሱን መጻፍ ነበረብን፦ «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል መውጣቱን በየግማሽ ሰከንዱ ያያል፣ እንደወጣ ይቀጥላል፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልወጣ ግን ወድቋል ይላል። ዱቤ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ የሚወጣውን ማስታወሻ ስንፈትሽም ቀኑ እስኪደርስ አንጠብቅም፤ ለፍተሻው ብቻ የተለየ ሰዓት ሰጥተን ወደ መክፈያው ቀን በአንዴ እናሻግረዋለን። ይህ ጥንቃቄ የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ልጅ ተሰጥቶ የሚተው አይደለም።

ፍተሻው የሚካሄድበትን ሰርቨር የምንከራየው በደቂቃ፣ ያውም በዶላር ነው። የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ከተተወ ወዲህ ኪራዩ ወገባችንን ቢያጎብጠውም በወርሃዊ ክፍያችሁ ላይ አንድ ብር አልጨመርንም። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በባዶ ቢሮ ሥራ ስንጀምር ክፍያቸውን አስቀድመው የሰጡን ደንበኞች ዛሬም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ያንን ውለታ አልረሳንምና ሳይፈተሽ የወጣ ሥራ ሱቃቸው ውስጥ አናስገባም።

ውል ለማቋረጥ ያሰባችሁ ደንበኞቻችን የሪፖርት ገጹን እስክታዩ ድረስ እንድትታገሡን በአክብሮት እንለምናለን። አሁን ተራው የእሱ ነው፤ ሥራውም ተጀምሯል።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤት፣ ደሴ