ጉራን እንደ ተከሳሽ ቃል አታንብቡት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ ራፐር ዘፈን የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ዘፋኙ አሉኝ ያላቸውን መኪናዎች አንድ በአንድ ቆጥረዋል። ጠላቶቹን እንደቀበረ የሚያወራበትን ስንኝ እንደ ኑዛዜ ወስደውታል። ከዚያ «ይህ ትውልድ ምን ነካው?» ብለው ዘጉት። አጻጻፋቸው ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ግን የፉከራ አገር ሰው ሆነው ፉከራን እንዲህ ማንበባቸው ገረመኝ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት አማርኛ ሳስተምር ነው። ቀረርቶና ፉከራ ላይ ስንደርስ ሁሌም አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። «መምህር፣ ሰውየው የእውነት ይህን ሁሉ ሰው ገድሏል?» ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታላ! «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሳ ሰው ቃሉን ለፖሊስ እየሰጠ አይደለም።

ፎካሪ ብዙ ጊዜ በተራ ስሙ አይነሳም። የጌታውን ስም ጠርቶ «የእከሌ አሽከር» ይላል። የፈረስ ስም አለ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ራፐሩም የመታወቂያ ስሙን ቤት ትቶ ነው ማይክ የሚጨብጠው። የቡድኑን ስም ይጠራል፣ የሰፈሩን ስም ይጠራል። የሚያናድደው ተቀናቃኝ ያስፈልገዋል፣ «በለው!» የሚለው ሕዝብም ያስፈልገዋል።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ጸሐፊው የሳቱትም እሱን ይመስለኛል። የእኛ ፎካሪ የሚያወራው ሌላ ቦታ ስለፈጸመው ጀብዱ ነው። አብሮት የዋለ ሰው ካለ «እውነት ነው» ወይም «ቀጠፈ» ይለዋል። የራፐሩ ዋና ጉራ ግን «ከእኔ የተሻለ ገጣሚ አይገኝም» የሚለው ነው። የዚህ ማስረጃ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ስንኙ ላይ ነው። ቤት ካልመታለት፣ ምቱ ካመለጠው፣ እያየነው ዋሸ። ካማረለት እውነቱን ተናገረ። ወርቁና መኪናው አጃቢ ናቸው።

የእህቴ ልጅ ራፕ ይሞክራል። ጎበዝ ነው አልልም፤ እንዲያውም ብዙው ሥራው ጩኸት ነው። አንድ ቀን ግን ይህን አሰማኝ፦

እኔ ስጽፍ ብዕሩ ያልበዋል፣
አንተ ስትጽፍ ወረቀት ይቆጨዋል።
ባንኩ ይጠራኛል «ብር በዛብኝ» ብሎ፣
ምቀኛ ይመልከት ከአጥር ተንጠላጥሎ።

ይህ ልጅ ለታክሲ የሚሰጡትን ብር እየቆጠበ በእግሩ የሚመላለስ ልጅ ነው። ታዲያ ውሸታም ነው? በጸሐፊው አነባበብ ከሆነ አዎ፤ የባንክ ደብተሩን ጠይቀን እናጋልጠው። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ብዕሩን ነው። የሚጽፈው ልጅ ሳይሆን ብዕሩ ነው ያላበው። የተቀናቃኙ ወረቀት ደግሞ በላዩ ስለተጻፈበት ነገር ይቆጨዋል። ልጁ ተቀናቃኙን በቀጥታ አልሰደበም፤ ወረቀቱን አሳዘነበት። ባንኩን ስሙትማ። ብር የበዛበት ልጁ አይደለም፣ ባንኩ ነው። ደንበኛውን የሚለማመጥ ባንክ! የሌለውን ሀብት ቆጥሮ አይደለም የኮራው፤ ሀብት ያላቸው ደጁ እንዲጠኑ አድርጎ ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ ይህን ሲል፣ ገንዘብ ሰውን እንዴት እንደሚያስከብር በደንብ አይቷል ማለት ነው። ምቀኛው እንኳ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ለቤት መምቻ ይመስላል። ይሁንለት፣ መታለት።

ጉራው ከየት እንደመጣ ጸሐፊው አላነሱትም። ራፕ የወጣበት ሂፕሆፕ እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ከተደረገ የወጣቶች ጭፈራ ጋር አብሮ ይነሳል። ሙዚቃውን ያጫወተው ኩል ሄርክ ከጃማይካ የመጣ ወጣት ነበር። በማይክ ታዳሚውን ማሟሟቅ፣ ጓደኛን ማሞገስ፣ ራስን መካብ ከጅምሩ ነበር። ከዚያ በፊትም የጥቁር አሜሪካውያን ልጆች መንገድ ላይ ቆመው በተራ የሚሰዳደቡበት ጨዋታ ነበራቸው። የእናት ስም ሳይቀር ይነሳል። የሚሸነፈው መጀመሪያ የተናደደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 እዚያው ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ራፐሩ ኩል ሞ ዲ መድረክ ላይ ተቀናቃኙን ቢዚ ቢን በስንኝ ሲያራግፈው ያየ ሰው የጠየቀው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይደለም። «ማን በለጠ?» ነው።

ነገሩ የአምድ ክርክር ብቻ ቢሆን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። እዚያው አሜሪካ ይህ አነባበብ ሰው እስር ቤት አስገብቷል። ኒው ጀርሲ ውስጥ በግድያ ሙከራ የተከሰሰ ሰው ነበር። ዐቃቤ ሕግ 13 ገጽ የራፕ ግጥሙን ለጁሪው (ከሕዝብ ለተመረጡት ፈራጆች) አስነበበበት። አብዛኛው ወንጀሉ ከመፈጸሙ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነው። ሰውየው ተፈረደበት። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ግጥሙ መቅረብ አልነበረበትም አለ። ቦብ ማርሌ ሸሪፍ (የአካባቢ ፖሊስ አዛዥ) ተኩሼ መታሁ ብሎ ስለዘፈነ ሸሪፍ መትቷል የሚል የለም፤ ደራሲው ኤድጋር አለን ፖም በድርሰቱ ሬሳ ወለል ሥር ስለደበቀ ማንም ቤቱን አልቆፈረበትም። የፍርድ ቤቱ ነገር በአጭሩ ይኸው ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያለ ማስረጃ በቀላሉ እንዳይቀርብ የሚያደርግ ሕግ አወጣች።

ካሪ ፍሪድ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራችው ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 ከወጣ አንድ የፎክ (የሕዝብ ዘፈን ስልት) ዘፈን ላይ ፖሊስ ስለመግደል የሚያወራ ግጥም ወሰደች። ለገሚሱ ሰው «ራፕ ነው»፣ ለሌላው «ካንትሪ (የባላገር ዘፈን) ነው» ብላ ሰጠች። ያው ቃል፣ ያው ነጥብ። ራፕ ነው የተባሉት ይበልጥ አስፈሪ ሆኖ ታያቸው። ጸሐፊው ያንኑ የራፐሩን ዘፈን በክራር ቢሰሙት ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ምናልባት «ጀግንነት» ይሉት ይሆናል።

ሁሉም ጉራ ጨዋታ ነው እያልኩ አይደለም። የእውነት የሠራውን የሚያወራም አለ። ግን ያንን የሚያረጋግጠው ምርመራ ነው እንጂ ስንኝ አይደለም።

ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነክተው ያለፉት ነገር ቀረኝ። ዘፋኙ ሴቶችን ከመኪናው ጋር ደርቦ ይቆጥራል። ይህ ጨዋታ ነው ብዬ አልከራከርም። ሴትን ዕቃ የሚያደርግ ጉራ ቤት ቢመታም አያምርልኝም፤ የእህቴ ልጅ ሲሞክረውም ነግሬዋለሁ፣ ተኳርፈናል። በሚቀጥለው አምድዎ እዚያ ላይ ይግፉበት፣ እኔም አግዝዎታለሁ። መኪናዎቹን ግን ይተዉለት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር