ለሐኪሙ ያልነገርከው

ይድረስ ለልጄ፣

የላክህልኝን የምርመራ ውጤት መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። የወገብህ ዙሪያ 106 ሴንቲ ሜትር፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳርህ 112፣ የደም ግፊትህ 138 በ88። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደምህ ስብና ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮልህ ደህና ናቸው፤ ነገር ግን ከእነዚህ አምስት መለኪያዎች ሦስቱ ከጤናማው ወሰን ከወጡ ሜታቦሊክ ሲንድረም፣ ማለትም ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያጋልጡ ችግሮች አብረው መገኘት፣ ለመባል ይበቃል፤ ያንተም የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወጥተዋል። የስኳር በሽታ ገና አልያዘህም።

ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ግን አለ። ስንደዋወል «ምንም አያስደስተኝም» ማለት ካበዛህ ሰነባብተሃል። ሌሊት በ8 ሰዓት መልእክት ትልክልኛለህ። ይህን ለሐኪሙ ነግረኸዋል? አልነገርከውም፤ አውቅሃለሁ። ግፊትን ለሐኪም፣ ሐዘንን ለጓዳ ማለት የቤታችን ወንዶች አመል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ግን ለሌላ ሰው ስትመክርበት የሚቀድምህ የለም።

ወረቀቱ ላይ ያለውና ሐዘንህ የተሳሰሩ ናቸው። ድብርት ያለበት ሰው ለሜታቦሊክ ሲንድረም፣ ሲንድረሙ ያለበትም ለድብርት ይበልጥ ይጋለጣል። ጭንቀት ሲከርም ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይበዛል፤ ይህም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ስብም ሆድ ላይ እንዲከማች ያግዛል። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ የደም ስኳርን ለሚቀንሰው ሆርሞን ለኢንሱሊን እንደ ወትሮው አይታዘዝም፤ በማግስቱም ጣፋጭ ጣፋጭ ይለዋል። እኩለ ሌሊት ላይ የምትጨርሰውን ብስኩት ሆዳምነት ብለህ ራስህን አትስደብበት።

ስለዚህ ልመናዬ ከምግብ አይጀምርም። መጀመሪያ ተኛ። ስልክህን ከመኝታ ክፍልህ አውጣና ቢያንስ ለ7 ሰዓት ዓይንህን ክደን። ታስተኛኛለች የምትላት የመጠጥ ብርጭቆም እንቅልፍህን የምትቆራርጠው እሷው ናት። ሚስትህ በኃይል እንደምታንኮራፋ ከነገረችህ አትሳቅባት፤ በእንቅልፍ መካከል የሚቋረጥ ትንፋሽ ግፊትንም ስሜትንም ያበላሻል፤ ምርመራም ሕክምናም አለው።

ቀጥሎ መራመድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል። ከበላህ በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ እያልክ ብታከፋፍለው ይሞላልሃል፤ ስኳሩም ከምግብ በኋላ ያን ያህል አይወጣም። ስለ ምግቡ ለስላሳ መጠጡን ተው፣ ጨው ቀንስ፣ ጥራጥሬና አትክልት አብዛ፤ የቀረውን ታውቀዋለህ። ሚዛን ላይ በየቀኑ አትውጣ። ከክብደትህ ከመቶ አምስት እጁ ቢቀንስ እንኳ ለግፊቱም ለስኳሩም ትልቅ ነገር ነው።

ለድብርቱ መድኃኒት ከታዘዘልህ፣ አንዳንዱ ክብደት ስለሚጨምር ስለ ስኳርህ ሐኪሞቹን አስታውሳቸው፤ በራስህ ፈቃድ ግን አታቋርጥ።

ማክሰኞ ከሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ሐሳብህን ከስኳርህ አስቀድመህ ንገረው። አፍህ እምቢ ካለህ ይህን ደብዳቤ አሳየው። ራስህን ስለ መጉዳት ካሰብክ ግን ማክሰኞን አትጠብቅ፤ በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ፣ ያኔውኑ አብረን ሆስፒታል እንሄዳለን።

እናትህ