ይድረስ ለግብርና ሚኒስቴር፦ ዘር ሳይከፋፈል የዋጉን ማንነት ንገሩን

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ጥያቄው የእኔ ሳይሆን የአጎቴ ነው፦ ስንዴን የሚያጠፋው ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ከየት መጣ? አጎቴ ባሌ ውስጥ፣ ከሮቤ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ስንዴ ያርሳል። እኔም ያደግኩት እዚያው ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ባዮሎጂ አስተምራለሁ።

ኅዳር 2006 ዓ.ም. ነበር። ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ በማግስቱ ጠዋት አብሬው ማሳ ወረድኩ። ስንዴው ከሩቅ ሲታይ የደረሰ ይመስላል። ጠጋ ስንል ግን ግንዱ በሙሉ ቆስሏል። ቁስሉ ረዘም ረዘም ያለ ነው፤ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ወጥቷል፤ ቀለሙ የዛገ ቆርቆሮ ነው። ትንሽ እንደተራመድን የአጎቴ ሱሪ ከጉልበቱ በታች ቀላ። እኔም ነጠላዬን ሳራግፍ ዱቄቱ እንደ በርበሬ ቦነነ። አጎቴ አንድ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ አሸው፤ እፍ አለው። የቀሩት ፍሬዎች ቀጫጭንና የተጨማደዱ ነበሩ። አንዷን በጥርሱ ነከሳትና ተፋት። ምንም አላለም።

ኮምባይነር ለመከራየት ተነጋግሮ ነበር። ባለ ኮምባይነሩ መጥቶ ማሳውን አየና "ይሄ የነዳጄንም አይመልስ" ብሎ ዞሮ ሄደ። አጎቴ ከብቶቹን ለቀቀበት።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ነው የጠየቀኝ። "አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ይሄ መዓት ከየት መጣ?" እኔም ሰው ሁሉ የሚለውን አልኩት፦ "ከኡጋንዳ ነው።" ተሳስቼ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ በአካባቢው ያገኘሁት ሰው ሁሉ፣ ባለሙያውም ጭምር፣ እንደዚያ ነበር የሚለው። ትክክለኛውን መልስ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። መልሱ ደግሞ ለሳይንስ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ አጎቴ በሚቀጥለው ዓመት ምን መዝራት እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው።

አጎቴ የዘራው ዲገሉ የሚባለውን ስንዴ ነበር። ሲሰጡት "ይሄን ዋግ አይነካውም" ብለውታል። ዋሽተውት አይደለም። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቅጠል የሚያጠቃው ቢጫ ዋግ አገር ምድሩን ሲመታ፣ በየማሳው ሞልቶ የነበረው ኩብሳ የተባለው ስንዴ ወደቀ። ዲገሉ ቆመ። ቢጫ ዋግንም፣ ያኔ ሁሉም ሰው ይፈራው የነበረውን፣ መጀመሪያ ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘውን ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። ስለዚህ ገበሬው ወደ ዲገሉ ተገለበጠ። በጥቂት ዓመት ውስጥ አርሲና ባሌ ዲገሉ በዲገሉ ሆኑ።

በ2006 የመጣው ዋግ ግን ዩጂ 99 አልነበረም። የዩጂ 99 ዘመድም አይደለም። ባለሙያዎቹ ቲኬቲቲኤፍ (TKTTF) የሚሉት ሌላ የግንድ ዋግ ነው። እዚህ ከመድረሱ በፊት ቱርክ ውስጥ ታይቷል። ዲገሉን ከዩጂ 99 የሚጠብቀው ዘረመል ይሄኛውን አያቆመውም። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ተመታ፤ አንዳንዱ ማሳ እንደ አጎቴ ምንም ሳይተርፈው ቀረ።

ክቡር ሚኒስትር፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ዋግ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነው። የአጎቴ ማሳ የጠፋው በኅዳር 2006። በመሃሉ 15 ወር አለ። 15 ወር ማለት ባሌ ላይ የበልጉ ገናም፣ የመኸሩ ቦናም ተዘርቶ የሚታጨድበት ጊዜ ነው። ያኔ ናሙና ተልኮ፣ ተመርምሮ፣ ውጤት እስኪመለስ ወራት ይፈጅ እንደነበር አውቃለሁ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ዛሬ ያ ሰበብ ስለሌለ ነው።

ስለ ስሙ ትንሽ ላስረዳ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የዋግ ዓይነት የሚለየው 20 የተመረጡ የስንዴ ዓይነቶች ላይ ተረጭቶ ነው። የትኛውን እንደጣለ፣ የትኛው እንዳሸነፈው ይታያል። ከዚያ ባለ አምስት ፊደል ስም ይወጣለታል። ቲኬቲቲኤፍ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ይህ ስም የዋጉን ጠባይ ይነግረናል እንጂ ዘሩን አይነግረንም። ሰፈር ውስጥ "አበበ መጣ" ቢሉን "የማን አበበ?" እንላለን አይደል? ዋግም እንደዚያው ነው። በዘረመል ሲታይ ቲኬቲቲኤፍ በሚለው አንድ ስም ስር የተለያየ የዘር ሐረግ ያላቸው ዋጎች ተገኝተዋል። ጠባያቸው ይመሳሰላል፤ አባታቸው ይለያያል። ከየት እንደመጣ፣ ነገ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው የአባት ስሙ ነው።

የዩጂ 99 ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ናሙናው ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ስሙ የወጣለት በ1999 ነው። ብዙ የዓለም ስንዴ የተመካበትን ኤስአር 31 የተባለ መከላከያ ጅን ሰበረ። እ.ኤ.አ. በ2003 እኛ ዘንድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የመን፣ በ2007 ኢራን። የስንዴው ሊቅ ኖርማን ቦርላግ በ90 ዓመታቸው ገደማ ተነስተው ዓለምን ያስጠነቀቁት በዚህ የተነሳ ነው። ግን ይሄ ዋግ ከየት ተወለደ? ለ20 ዓመት የሚያውቅ አልነበረም። መልሱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

እንዲህ ነው። የዋግ ፈንገስ በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ ሁለት ኒውክለስ አለው። ሁለቱ አይዋሃዱም፤ አንድ ቤት ተከራይተው ለየብቻ እንደሚተኙ ደባሎች ናቸው። ሁለት የተለያዩ ዋጎች አንድ ቅጠል ላይ ሲገናኙ፣ ክር መሰሉ አካላቸው ይነካካና አንዱ ደባል ቤት ይቀይራል። በዚህ ቅያሪ አዲስ ዋግ ይወለዳል። ዩጂ 99 እንዲህ ነው የተወለደው። ከሁለቱ ኒውክለሶቹ አንዱ፣ አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ዋግ ኒውክለስ ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ተገኘ። ያ ዋግ ራሱ ከደቡባዊ አፍሪካ ወደ አውስትራሊያ እንደተሻገረ ነው የሚታመነው። ስለዚህ የዩጂ 99 አንዱ ወላጅ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ የኖረ አሮጌ የዘር ሐረግ ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ አንድ ልጅ ይጠይቀኛል፦ "ታዲያ እኛ አገር ሁለቱ ቢገናኙስ?" ልጁ ልክ ነው። ዩጂ 99ና ቲኬቲቲኤፍ ደጋችን ላይ ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። በዚያ ላይ የግንድ ዋግ ወንዴና ሴቴ ሆኖ የሚራባበት ባርበሪ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ በየደጋው ዱር አለ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምረው ይሄን ተክል በዘመቻ የነቀሉት ወደው አይደለም። እኛ እንንቀል ማለቴ አይደለም። አዲስ ዋግ የሚወለድበት ሁኔታ በእጃችን እንዳለ ግን እንወቅ።

አሁን ደግሞ የበጋ መስኖ ስንዴ መጣ። ደስ ይለኛል፤ ቆላው አረንጓዴ ሲሆን ማየት ያኮራል። ግን ዋግ በሕይወት ካለ ተክል ውጭ አያድግም። ድሮ መኸር ታጭዶ እስከሚቀጥለው ድረስ ስንዴ የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር ዋጉ ይራብ ነበር። ዛሬ ከአዋሽ እስከ አርሲ ዓመቱን ሙሉ ስንዴ ከመሬት አይጠፋም። ለእኛ ዳቦ ነው፤ ለእሱም እንዲሁ። ስንዴ በእጥፍ ስናስፋፋ የዋግ ክትትሉም በእጥፍ መስፋት ነበረበት።

አቅሙ የለንም እንዳይባል፣ አለን። አምቦ ያለው የምርምር ማዕከል የግንድ ዋግን ዓይነት በመለየት ለዓመታት ሠርቷል። ቁሉምሳ ያለው ማዕከል ደግሞ የስንዴ ምርምር ቤት ነው። ዘረመሉን ለማንበብ ግን ናሙናው ብዙ ጊዜ ባሕር ይሻገር ነበር። ሚኒሶታ ያለው የአሜሪካኖቹ ቤተ ሙከራ የባዕድ አገር የግንድ ዋግን የሚመረምረው በእነሱ የብርድ ወራት ብቻ ነው፤ ቢያመልጥ እንኳ ውርጩ እንዲገድለው። ለራሳቸው ማሳ እንዲህ ይጠነቀቃሉ። ከዚያ ማርፕል የሚባለው መሣሪያ መጣ። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ቤተ ሙከራ ነው፤ የቢጫ ዋግን ዘረመል አንብቦ ውጤቱን በ48 ሰዓት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሆለታ ላይ የተሞከረው በእኛ ልጆች እጅ ነው። እንግሊዞች አብረው የሠሩት ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ማሳው የእኛ፣ ድካሙም የእኛ ነበር። የዋግ ማስጠንቀቂያ ሥርዓቱም አለ፤ ነፋሱ ዱቄቱን ወዴት እንደሚወስደው ይተነብያል። የገበሬው የስልክ መረጃ መስመር በሆነው 8028 ላይ የሚደውል ገበሬም አለ።

የጎደለው መጨረሻው ነው። ቤተ ሙከራው ያወቀው አጎቴ ዘንድ አይደርስም። ዛሬም ዘር ሊወስድ ሲሄድ የሚነገረው "ይሄኛው ጥሩ ምርት ይሰጣል" ነው። ዘንድሮ የትኛው ዋግ የትኛውን ስንዴ እየበላ እንደሆነ የሚነግረው ሰው የለም።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። በየዓመቱ ዘር ከመከፋፈሉ በፊት፣ ለመኸሩ ከግንቦት ሳያልፍ፣ ባለፈው ወቅት በየዞኑ የተገኘው ዋግ ማን እንደሆነ፣ የማን ዘር እንደሆነ፣ የትኛውን ስንዴ እንደሚጥል ይፋ ይሁን። በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ አይደለም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ለመስኖውም ከጥቅምት በፊት እንዲሁ። አንድ ስንዴ አንድን ዞን ሙሉ እንዲሸፍንም አይፈቀድ፤ ኩብሳና ዲገሉ የወደቁት ብቻቸውን ስለነበሩ ነው።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ከፌዴራል በጀት ቋሚ መስመር ይኑረው። የመመርመሪያው ኬሚካል በዶላር ነው የሚመጣው፤ እስካሁን በብዛት በውጭ ፕሮጀክት ነው የተሸፈነው። ፕሮጀክት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እንዴት በወራት ውስጥ እንደተዘጋ ሁላችንም አይተናል።

እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ አገር ሰፎክ ውስጥ በግንድ ዋግ የተያዘ አንድ የስንዴ ተክል ተገኘ። አንድ ተክል ነው። ለ60 ዓመት ያህል አይተውት ስለማያውቁ ዘረመሉን መረመሩት፤ ዲገሉን ከጣለው ዋግ ጋር የቅርብ ዘመድ ሆነ። የአንዱን ተክል በሽታ የዘር ሐረግ ቆጥረው ለሕዝባቸው አሳወቁ። በዚያው ዓመት አጎቴ ማሳውን በሙሉ ለከብት ለቋል፤ ከየት እንደመጣበት የነገረው ግን የለም።

አጎቴ አሁንም ያርሳል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይደውልልኛል፦ "ዘንድሮ ምን ልዝራ?" በሚመጣው ግንቦት ሲደውል "የቀበሌው የገበሬ ማሰልጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሄደህ አንብበው" ልለው እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ባሌ ያደገች አንዲት የባዮሎጂ መምህርት፣ አዲስ አበባ