መብራት ሲጠፋ ነው የሚሰማው

ሰላም ወንድምዬ እንዴት ነህ? ሁለታችንም ጠፋን እኮ፣ ማን ቀድሞ ይጽፋል ብለን የተፋጠጥን ነው የሚመስለው፣ በቃ እኔ ተሸነፍኩ። እናትህን በቀደም አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው፣ ደህና ናቸው ግን "ያ ልጅ ድምጹም የለ" ብለውኛልና ይቺን አንብበህ እንደጨረስክ ደውልላቸው።

እኔ ያው ሬዲዮው ላይ ነኝ። አምስት ኪሎ ግቢ ኢቲ3ኤኤ የአማተር ሬዲዮ ክለብ የጀመረን ልክፍት አልለቀቀኝም። ቤት ውስጥ አልልክም፣ ማድመጥ ብቻ። ከበረንዳዬ እስከ ጎረቤት ጣሪያ 10 ሜትር ገደማ ሽቦ ዘርግቻለሁ (የታችኛዋ እማማ አንዴ ነጠላ አስጥተውበት ነበር ሃሃ)፣ ከዛ ትንሽ ሪሲቨር፣ ከዛ ራስበሪ ፓይ (ያቺ ትንሿ ኮምፒውተር) ላይ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ የሚባለው ፕሮግራም፣ 14.074 ሜጋኸርዝ። ያ የ1993ቱ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ጆ ቴይለር የጀመረው ሶፍትዌር፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ኤፍቲ8 የሚባለው የአጭር መልእክት መላላኪያ ዘዴ የገባው 2017 ላይ ነው፣ ጆሮ የማይሰማውን ሲግናል ሁሉ ከጫጫታ ውስጥ ጎትቶ ያወጣዋል።

ግን የሰፈሩን ጫጫታ ታውቀዋለህ፣ ቻርጀሩ፣ ኤልኢዲ አምፖሉ፣ ሁሉም የሬዲዮ ባንዱ ላይ ይጮሃል። መብራት ሲጠፋ ግን ዋተርፎሉ (ሲግናሉ ስክሪን ላይ በቀለም የሚታይበት) በአንዴ ጥርት ይላል! የሚያናድደው ያኔ ነው፣ ፓይዋ አብራ ትጠፋለች፣ በፓወር ባንክ ሳስነሳት የሰዓት ባትሪ የላትም (የኔ አሮጌዋ ናት)፣ ዋይፋዩም ስለሞተ ሰዓት ከኢንተርኔት አታገኝም፣ ስለዚህ ከመጥፋቷ በፊት ከያዘችው ሰዓት ትቀጥላለች። ኤፍቲ8 ደግሞ ሁሉም ሰው በየ15 ሰከንዱ እኩል የሚጀምርበት ነገር ነው፣ ከ2 ሰከንድ ምናምን በላይ ከተዛባህ ሲግናሉን በዓይንህ እያየኸው አንድ መስመር ዲኮድ (የተፈታ መልእክት) አይወጣም።

ሰዓት ከሳተላይት የሚወስድ ጂፒኤስ ግዛ ትለኛለህ አውቃለሁ፣ ዋጋውን ጠይቄ ተመለስኩ። ይልቅ በፓይተን አንድ ነገር ጻፍኩ። ዙሩ በየ15 ሰከንዱ ስለሚደገም ትክክለኛውን ሰዓት ማወቅ አይጠበቅብኝም፣ የዙሩን መጀመሪያ ካገኘሁ በቂ ነው። ስለዚህ ምንም ዲኮድ ከሌለ ሰዓቱን 2 ሰከንድ ይገፋና ሁለት ዙር ይጠብቃል፣ ቢበዛ 4 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ቦታ ይያዛል። አንዴ ዲኮድ ከመጣ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ በዩዲፒ ፖርት 2237 የሚልከውን ዲቲ (ሲግናሉ ከኔ ሰዓት ስንት ሰከንድ እንደተዛነፈ) ያነባል፣ ዲቲው ፖዘቲቭ ከሆነ የኔ ሰዓት ቀድሟል ማለት ነው ወደ ኋላ ይጎትተዋል። አቬሬጅ አልወሰድኩም፣ ሚዲያኑን (መሃል ላይ ያለውን) ነው፣ ምክንያቱም እዛ ማዶም ሰዓቱ የተበላሸ አይጠፋም፣ አንድ ሰነፍ ሁላችንንም እንዲጎትተን አልፈልግም። ደቂቃውን ግን በእጅ ከስልኬ ነው የማስገባው፣ ሎጉ ላይ የሚገባው ሰዓት እንዳይዛባ።

የቀረኝ ችግር ባንዱ ሲሞት ነው። ማታ 20 ሜትር (የማደምጥበት ባንድ) ሲዘጋ ሰው ስለሌለ ዲኮድ የለም፣ ኮዱ ግን ሰዓቴ ነው የተበላሸው ብሎ ዝም ብሎ ይገፋዋል፣ ደህናውን ሰዓት ራሱ ያበላሸዋል። ዋተርፎሉ ላይ ሲግናል መኖሩን ቀድሞ ይይ ወይስ ከተነሳ በኋላ አንዴ ብቻ ይፈልግ? እኔ ሁለተኛው ይሻላል እላለሁ፣ አንተ በዚህ ከኔ ትሻላለህና ፍረድ።

ኮዱን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ላፕቶፕህን ከኔት ንቀልና ሰዓቱን 7 ሰከንድ አዛብተህ ሞክረው፣ ከተንገዳገደ ሎጉን እንዳለ ላክልኝ፣ ደግሞ "ይሰራል" ብቻ ብለህ እንዳትጽፍልኝ።

73 (በሬዲዮኛ መልካም ሰላምታ) ወንድሜ፣ ለእናትህ መደወሉን እንዳትረሳ።