አፈሙዙ ሳይበርድ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጁስ እንዴት ነው፣ ጡቱን በደንብ ይዟል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽን ጉልበቷ እንደለመደው ያማታል፤ ቅዳሜ ገበያ አትውጪ ስላት እሺ ትልና ነጠላዋን ስትፈልግ አገኛታለሁ።

ለምን አልደወልክም ትይ ይሆናል። በስልክ እኔ አልሰማሽም፣ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ ካርዱ ሲያልቅ ሁለታችንም ተቆጥተን እንዘጋለን። ስለዚህ ጽፌ ለወንድምሽ ሰጠሁት። ልጁ ሲተኛ አንብቢው።

ወንድምሽ ከሮቢት እንደተመለሰ ሁሉንም ነገረን። ጎረቤትሽ ማታ ማታ ካቡ ላይ ጣሳ እየደረደረ ኢላማ እንደሚተኩስ ቀድሞም ሰምቼ ነበር። ያልሰማሁት አንቺ ልጁን ታቅፈሽ፣ ሰውየው ክላሹን እንደያዘ፣ አጥሩን አልፈሽ መግባትሽን ነው። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እየለቀምሽ ገሾው ውስጥ ወረወርሻቸው አለ። እሱ ሲያወራ ይስቃል፤ እናትሽም ሳቀችና "የአባቷ ልጅ" አለች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ አነጋሁ።

አንቺ ልጅ፣ አራስ ነሽ እኮ! አርባሽ እንኳ አልወጣ። አራስ ሴት አፈሙዝ ፊት ምን ትሠራለች?

አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ፤ ሌላውን ብትረሺው አልቀየምሽም። አፈሙዙ ሳይበርድ እንዳትሄጂበት። ሰውየው ጣቱ ቃታ ላይ ሆኖ፣ ጓደኞቹ ከኋላው ቆመው ሳለ ምንም ብትይው እሺ አይልሽም። ልቡ እሺ ቢል እንኳ አፉ አይችልም። ይህን ያወቅሁት ከመዝገብ አይደለም፤ እመጣበታለሁ።

እውነቱ ያንቺ ነው፣ አልካድኩም። "በገዛ መሬቴ ምን አገባሽ" አለሽ አሉ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስቀመጥ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰማሁት! መልሱ በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ላይ አለ፤ ባለንብረት ጢስም ሆነ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታም ሆነ ድምፅ ወይም ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ በጎረቤቱ ላይ ማድረስ አይችልም። ፈቃድ አለኝ ካለም በአዋጅ 1177/2012 መሠረት መሣሪያውን መያዙ ነው የተፈቀደለት፤ ያንቺን ልጅ እያስበረገገ ማሳደሩን ማንም አልፈቀደለትም። ይህን የምነግርሽ እንድታውቂው ነው፤ ነገ ክስ እንድትጽፊ አይደለም። ጎረቤቱን ከሶ የረታ ሰው አይቻለሁ፤ ከረታ በኋላ እሳት የሚጭርበት ደጅ ያጣም አይቻለሁ።

ደብተር ይኑርሽ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ጊዜ እንደተኮሰ ጻፊ። "ሁልጊዜ ይተኩሳል" የሚል ከሳሽ ዳኛ ፊት እንዴት እንደሚቀልል እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሽማግሌ ፊትም ያው ነው።

ደግሞ ይህን አጣሪልኝ፤ ጣሳዎቹ የቆሙት ወደ የት በኩል ነው? ከኋላቸው ጉብታ ወይም የአፈር ቁልል ካለ ነገሩ የድምፅ ነው፣ በሽማግሌ ያልቃል። ወደ ሐይቁ ከሆነ ግን የድምፅ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ጥይት ውኃ ላይ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጥራል፤ ደንገሉ ውስጥ ታንኳው ላይ ቁጭ ብሎ መረብ የሚጥል ሰው ደግሞ ከካቡ ሆነው አይታይም። እንዲያ ከሆነ ሽማግሌ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ቀበሌ ይኬድ። የሚሄደው ወንድምሽ ነው፤ አንቺ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ።

ማታ ማታ ቤትሽ ውስጥ የተተኮሰ ይመስልሻል አሉ። እውነትሽን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬት የነካው አየር ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ያኔ ድምፅ ሽቅብ መሄዱን ትቶ ወደ መሬት ይጎብጣል፣ ሩቅም ይደርሳል። ቆራጣ ሳለን ማታ ታንኳ ላይ የሚያወሩ ሰዎች ማንን እንደሚያሙ ከባሕሩ ዳር ሆነን እንሰማ ነበር። ደግሞ የክላሽ ጥይት በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይበራል፣ ድምፅ 340 ያህል ነው። ስለዚህ የምትሰሚው ሁለት ነው፤ አንዱ ከአፈሙዙ የሚወጣው፣ ሌላው ጥይቱ ራሱ አየሩን ሲሰነጥቅ። የመጀመሪያውን የአፈር ቁልል ያለዝበዋል፤ ሁለተኛውን ግን አቅጣጫ ካልተለወጠ የሚያስቆመው የለም። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ "አትተኩስ" ብለው አይጀምሩ፤ እሱን ካሉት ይደነድናል። ፊቱን ከቤትሽ ያዙር፣ ከጉብታው ወዲያ ይውረድ፣ ቀንና ሰዓት ይቁረጥ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ በቃ። ጊዜውንም ያንሱለት። ዛሬ ተኩስ ሲሰማ ኢላማ ነው ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ የሚተኛ ሰው እንደሌለ እሱም ያውቃል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ለምን ሁልጊዜ በቀኜ እንደማስቀምጣችሁ ታውቂያለሽ፤ ግራ ጆሮዬ አይሰማም። የወባ ኪኒን ነው ብዬ ነበር የነገርኳችሁ። ኪኒን አይደለም። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ግራ ጆሮው ለአፈሙዙ ይጋለጣል፤ ቀኙን ጭንቅላቱ ይከልልለታል። በ1963 የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ የአባቴ ምንሽር በእጄ ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ከሾላ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ቅል በአንድ ጥይት አፈረስኩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ማታ ማታ ጓደኞቼን ሰብስቤ ከባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ እያነጣጠርን ስንተኩስ እናመሻለን።

ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ አንድ አርበኛ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፣ የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ጣልያን በገባበት ጊዜ አምስቱንም ዓመት ዱር የከረሙ ሰው ናቸው። እኛ ስንተኩስ በባዶ እግራቸው ይወጡና ግቢው መሐል ቆመው ስም ይጠራሉ። የጓደኞቻቸውን ስም፣ የሞቱትን። አንዱን ይጠሩና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ፤ መልስ ሲያጡ ሌላውን ይጠራሉ። እኛ ምን አደረግን መሰለሽ? ሳቅን። እንዲወጡልን ብለን እየደጋገምን ተኮስን።

አንድ ማታ ባለቤታቸው መጡ። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ታጥቀው፣ ልክ እንደ አንቺ፣ በቀጥታ ወደ አፈሙዙ። "ልጄ፣ እኚህ ሰው አይተኙም፤ እባካችሁ ወደ ታች ፈቀቅ በሉ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጓደኞቼ ከኋላዬ ናቸው፣ ብረቱ እጄን ያቃጥለኛል። ምን እንደመለስኩላቸው አልጽፍልሽም። ዞር ብለው ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ አንዲት ጥይት ወደ ሰማይ ለቀቅሁ። ትከሻቸው ብድግ አለ። ያን ትከሻ ዛሬም አየዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከውኃ ሲመለሱ ተገናኘን። ያኔ ቢለምኑኝ ኖሮ እተው ነበር፤ ይህን ስልሽ ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፣ ብቻ እውነት ነው። እሳቸው "እንደምን አደርክ ልጄ" ብለው አለፉ። እንስራውን እንኳ ተቀብዬ አላገዝኳቸውም።

በዓመቱ ሽማግሌው አረፉ። የአርበኛ ቀብር ነውና ሊተኮስ ነው፤ የሚተኩሰው ማን ነው ሲባል፣ ቅል የመታው ልጅ፣ ተባለ። ምንሽሩን ወልውዬ ሄድኩ። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ባለቤታቸው ደጃፉ ላይ ቆሙና "አይተኮስ" አሉ። ሰው አጉረመረመ፤ ክብሩ ነው፣ እንዴት ያለ ተኩስ ይቀበራል ተባለ። "አይተኮስ፤ ይተኛበት" አሉ። አንዴም ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እኔ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር መጣሁ፤ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው እሳቸውም አረፉ። ለእናትሽ እንኳ ሙሉውን ነግሬያት አላውቅም፤ ይህን ወረቀት ስትጨርሺ አቃጥይው።

ለዚህ ነው የምጨቀጭቅሽ። አፈሙዙ ሳይበርድ አትሂጂበት። ስትሄጂም አርባሽ ከወጣ በኋላ፣ ጠዋት፣ ብቻውን ሲሆን።

እስከዚያ ድረስ ሚስቱ አለች። አራስ ልትጠይቅሽ መጥታ ገንፎ በልታለች አይደል? ደግመሽ ጥሪያት። አትክሰሺ፣ አታማርሪ፤ ልጁን አሳቅፊያትና ቡና ይፈላ። ማታ ከእጇ ላይ ሲበረግግ ራሷ ታየዋለች። ለክርስትናው ባልና ሚስቱን በስማቸው ጥሪ። ጣሳዎቹን ወንድምሽ ከገሾው ውስጥ ለቅሞ፣ ቆጥሮ ይመልስ። ባልሽ መንገድ ላይ ሳለ በስልክ ምንም እንዳትነግሪው፤ መሪ ይዞ የሚናደድ ሰው አልፈልግም። ሲመጣም እሱም ቢሆን አፈሙዙ ሳይበርድ አይሂድ፣ አባቴ ብሏል በይው። የልጁን መኝታ ከአጥሩ በኩል ካለው ግድግዳ አንሺና ጓዳ አድርጊው። ጆሮው ውስጥ ጥጥ እንዳትወትፊ፤ የሚያስቀረው ድምፅ ትንሽ ነው፣ ጆሮውን ታሳምሚዋለሽ።

ወንድምሽ የያዘው ቅቤ የእናትሽ ነው። በቅሉ ያለው ለገንፎው፣ በጣሳ ያለው ለአናትሽ ነው፤ እንዳታቀላቅያቸው ብላለች፣ ሁለቴ ብላለች። እኔ ለአርባው እመጣለሁ። ልጁን በቀኜ በኩል አሳቅፊኝ፣ ሲያለቅስ እንድሰማው።

አባትሽ