አንገትሽ ሥር ስላለችው እብጠት

ልጄ፣

ትናንት ማታ በስልክ «አባዬ፣ አንገቴ ሥር ትንሽ ነገር አለች፣ ምንም አይደለም» ብለሽኝ ወሬ ቀየርሽ። እኔም ዝም አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ምክንያቱም እኔም ለእናትሽ ያንኑ ቃል ብያት ነበር። «ምንም አይደለም» እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ ተሸክሜያት ዞሬያለሁ።

ያኔ አንቺ ትንሽ ነበርሽ። «አባዬ ትከሻው ላይ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት» ነው ያልንሽ። ጠባሳውን ስትጠይቂኝም ሌላ ነገር እያወራሁ አልፌሻለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ሙሉውን ልንገርሽ።

የኔዋ በቀኝ በኩል ነበረች፣ ከአንገት ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት በላይ፣ እዚያ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ። ጺሜን ስላጭ ነው እጄ ላይ የመጣችው። የአውራ ጣት ጫፍ ታክላለች። አታምም፣ አትቀላም፣ አትሞቅም። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «ንፍፊት ነው» ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ጨረስኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ዓይነት ሰጡኝ። ትኩሳት የለኝ፣ ጉሮሮዬን አላመመኝ፣ ጥርሴ ደህና ነው፣ ታዲያ የምን ኢንፌክሽን እንደሚታከም አልጠየቅኩም፣ እነሱም አልነገሩኝም።

ቀጥሎ ሌላ ቦታ ምንም ፎቶ ሳያነሱ መርፌ ከተቱባት። ልጄ፣ ያን ሕመም እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከአንገቴ ተነስቶ እስከ እጄ ድረስ እሳት የሄደ ነው የመሰለኝ። ውጤቱም «ናሙናው በቂ አይደለም» ሆነ። ከዚያ «የስብ እጢ ትመስላለች፣ ቦታውን አደንዝዘን በግማሽ ሰዓት እናወጣታለን» ተባልኩ። ቀጠሮም ያዝኩ። ያን ቀጠሮ ያስቀረው የእናትሽ ጭቅጭቅ ነው። «ሌላ ሰው ሳያይህ አትቆረጥም» አለች፣ ደግማ ደጋግማ።

ሌላዋ ሐኪም ያደረገችው ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እብጠቷን በሁለት ጣት ይዛ ወደ ጎን ገፋ አደረገቻት፣ ተንቀሳቀሰች። ወደ ላይና ወደ ታች ስትሞክር ግን አልሄደችም። ከዚያ በጣቷ ጫፍ ቀስ ብላ መታ መታ አደረገቻት። በክንዴ ወርዶ አውራ ጣቴ ላይ የሚያልቅ ንዝረት ተሰማኝ፣ ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል። «የትኛው ጣትህ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። «ይሄ ንፍፊት አይደለም፣ ነርቭ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ኤምአርአይ ሳናይ ማንም እንዳይነካው» አለች። ኤምአርአይ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳ ፎቶ ነው።

እዚያ ጎድጓዳ ቦታ ሥር ምን እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ። ከአከርካሪ የሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች፣ አራቱ ከአንገት አንዱ ከደረት አናት፣ እየተጣመሩና እየተከፋፈሉ በዚያ ያልፋሉ። ትከሻሽን፣ ክርንሽን፣ ጣቶችሽን የሚያዝዙት እነሱ ናቸው። ብራኪያል ፕሌክሰስ ይሉታል። አጠገቡ ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ፣ ትንፋሽ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አለ፣ የሳንባ ጫፍም እዚያው ሥር ነው። በግማሽ ሰዓት የሚቆረጥ ቦታ አይደለም።

የኔዋ ሽዋኖማ ነበረች። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን ነው፤ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍኑትን ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1839 የገለጸ ሰው ነው። ከእነዚያ ሴሎች አንዷ አለቅጥ ስትባዛ ነው ይህ እጢ የሚፈጠረው። ካንሰር አይደለም፣ አይዛመትም፣ ወደ ካንሰር መቀየሩም እጅግ ብርቅ ነው። የሚያድገው በዝግታ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ አመቺ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሽፋን አለው፣ የነርቩን ክሮች ወደ ዳር ገፍቶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ነርቩን ሳይቆርጡ ፈልቅቆ ማውጣት ይቻላል። ኒውሮፋይብሮማ የሚባለው ዘመዱ ግን ከክሮቹ ጋር ተጠላልፎ ስለሚያድግ ሥራውን ያከብደዋል።

«ማውጣት ግዴታ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። አይደለም አለች። ትንሽ ከሆነ፣ ካላመመና ካላደገ በየጊዜው ፎቶ እያነሱ መጠበቅም ሕክምና ነው። የኔዋ ግን አድጋ ነበር፣ ሸሚዝ ስቆልፍም አውራ ጣቴ መደንዘዝ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ወሰንኩ።

ሙሉ ማደንዘዣ ነው የተሰጠኝ። ጡንቻ የሚያፈዘው መድኃኒት ግን እንዳይቆይ ተጠንቅቀዋል፣ ምክንያቱም ሐኪሟ በሥራው መሃል ነርቭን በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነካች እጄ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ማየት አለባት። ሽፋኑን በማይክሮስኮፕ እያየች፣ ሲነካ ምንም ጡንቻ የማይንቀሳቀስበትን ቦታ ፈልጋ፣ እዚያ ላይ በነርቩ ርዝመት ልክ ሰነጠቀችው፤ አግድም አይቆረጥም። ከዚያ እጢዋን ከውስጥ ፈልቅቃ አወጣቻት። ፓቶሎጂው፣ ማለትም የወጣውን ሥጋ በላቦራቶሪ የሚያየው ምርመራ፣ ሽዋኖማ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ለወራት አውራ ጣቴ እንደ ሌላ ሰው ጣት ነበር፣ ቁልፍ የምትቆልፍልኝም አንቺ ነበርሽ። ታስታውሻለሽ? ጨዋታ መስሎሽ ነበር። የተጎዳ ነርቭ ሲያገግም በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ ከአንገት እስከ ጣት ደግሞ ሩቅ ነው። አሁን ደህና ነኝ። አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ትንሽ ድንዛዜ ቀርታለች፣ በቃ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። «ካንተ ወርሼው ይሆን?» ብለሽ እንዳሰብሽ አውቃለሁ፣ ድምፅሽ ነግሮኛል። አንድ ብቻዋን የምትወጣ ሽዋኖማ አብዛኛውን ጊዜ በዘር አትመጣም። የእኔም አንድ ብቻ ናት። በዘር የሚሄዱ ሕመሞች ግን ስላሉ አባቴ እንዲህ ነበረው ብለሽ ንገሪያቸው። ቆዳሽ ላይ ቡና ዓይነት ጠቃጠቆዎች መኖራቸውን፣ ሌላ ቦታ እብጠት መኖሩን፣ የመስማት ችግር መኖሩን ይጠይቁሻል። አትፈሪ፣ መልሺላቸው።

ያንቺ ጨርሶ ሌላ ነገር ልትሆንም ትችላለች። ለስላሳ የስብ እጢ፣ ስትውጪ አብራ የምትንቀሳቀስ የታይሮይድ እብጠት፣ ከልደት ጀምሮ የነበረ በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት፣ ዴስሞይድ የሚባል የማይዛመት ግን ዙሪያውን እየወረረ የሚያድግ እጢ፤ አንዳንዴ ደግሞ እጢ ሳይሆን ትርፍ የጎድን አጥንት ሆኖ ይገኛል። ንፍፊትም ሊሆን ይችላል። ንፍፊት ከሆነ ግን ያ ቦታ እንደ ሌላው አይታይም። ከደረትና ከሆድ የሚመጣው፣ ንፍፊቶች የሚያጣሩት የሊምፍ ፈሳሽ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ፣ በተለይ በግራ በኩል፣ የሌላ ቦታ ሕመም ምልክቱን እዚያ ያሳያል። ለዚህ ነው «ምንም አይደለም» የምትለውን ቃል የማልቀበልሽ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየች መታየት አለባት። በዚህ ድርድር የለም።

መጀመሪያ እጅ ይንካት፣ ቀጥሎ አልትራሳውንድ፣ ነርቭ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ኤምአርአይ። ናሙና መውሰድ ካስፈለገ ቦታውን በአልትራሳውንድ እያዩ ይውሰዱ፤ መርፌው ሲገባ እጅሽ ላይ ንዝረት ከወረደ ዝም ብለሽ አትቻዪ፣ ወዲያው ተናገሪ። ቀዶ ሕክምና ከተባለ ደግሞ «ነርቭ ላይ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? በሥራው ጊዜ ነርቩን እየፈተሹ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ይሄ መድፈር አይደለም። እጁን የሚያውቅ ሐኪም አይቀየምሽም። የሚቀየም ካለ ተነስተሽ ውጪ፣ ሌላ አለ።

እናትሽ ያኔ የጨቀጨቀችኝን ያህል ልጨቀጭቅሽ ነው የጻፍኩት። ቀጠሮ ያዢና ቀኑን ላኪልኝ፣ አብሬሽ እገባለሁ። እስከዚያ አትጫኛት፣ አታሻት፣ በየቀኑም አትነካኪያት። አንድ ጊዜ ብቻ በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ መታ አድርጊያትና እጅሽ ላይ የሚወርድ ነገር ካለ፣ ነገ ስትደውዪ የትኛው ጣትሽ እንደሆነ ንገሪኝ።

አባትሽ