ቤተ አማኑኤል የማንን ቤት ይመስላል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የህንድ ጠራቢዎች ሠሯቸው የሚለው ወሬ በየጊዜው ይነሳል። ለማስረጃም የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ በማሃራሽትራ፣ ኤሎራ የሚገኘው የካይላሳ ቤተ መቅደስ ነው። ሁለቱም ከአናት ወደ ታች ተፈልፍለው መውጣታቸው እውነት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ዓለቱ ራሱ ይመሰክራል።

ካይላሳ የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ መቅደስ ነው። ከኤሎራ 34 ዋሻዎች 16ኛው ሲሆን፣ ሥራው የሚነገረው በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነገሠው ለራሽትራኩታ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ለቀዳማዊ ክሪሽና ነው፤ ከላሊበላ አራት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ጠራቢዎቹ ተራራውን በሦስት ወገን በጥልቅ ቦይ ቆርጠው መሐሉን ነጠሉት። ሥራው ከጉልላት ጀምሮ ስለሚወርድ መወጣጫ እንጨት አያሻም፤ የላይኛው ጌጥ ሲያልቅ ሠራተኛው አንድ እርከን ይወርዳል። የሚያስቸግረው ፍርስራሹን ማውጣት ነው። ኤሎራ ፊቱ ወደ ቁልቁለት ስለሆነ ፍርስራሹ በዚያ ይጠረጋል፤ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ግን በአራቱም ወገን ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ መተላለፊያውን ራሱን ከዓለት መቅደድ ግድ ሆኗል። ከአንድ ዓለት ሙሉ ቤት ማውጣት የሚሻ ሁሉ ከላይ መጀመሩ አይቀርም። ስለዚህ በዚህ መመሳሰላቸው የዝምድና ምልክት አይሆንም።

ይልቅስ መታየት ያለበት ጠራቢው በሐሳቡ የያዘው ቤት ነው። ካይላሳ የተከተለው በ740 እ.ኤ.አ. ገደማ በደቡብ ህንድ፣ በፓታዳካል በድንጋይ የተገነባውን የቪሩፓክሻ መቅደስ ነው። ድርብርቡ ጣሪያ፣ የሺቫ ኮርማ የናንዲ ማረፊያ፣ ሁሉም ከዚያ ይመጣል። በመሠረቱ ዙሪያ የተሰለፉት ዝሆኖች ሕንፃውን የተሸከሙ ይመስላሉ፤ ሁሉም አንድ ዓለት ነውና በእውነቱ ምንም አልተሸከሙም። በደቡብ ወገን አሥር ራስና ሃያ ክንድ ያለው የአጋንንት ንጉሥ ራቫና ከሥር ሆኖ የሺቫን ማደሪያ የካይላሳን ተራራ ሲነቀንቅ ይታያል። ክንዶቹ ከጀርባቸው ካለው ዓለት በጥልቅ ተፈልቅቀው ወጥተዋል። ከላይ ሺቫ ተረጋግቶ ተቀምጦ ተራራውን በእግሩ ጣት ይጫናል፤ ሚስቱ ፓርቫቲ ደግሞ ወደ እሱ ትጠጋለች። እጅግ የሚደነቅ ጥበብ ነው፤ የህንድን ሥራ ለማሳነስ አይደለም የምንጽፈው።

አሁን ከላሊበላዎቹ አንዱ በሆነው በቤተ አማኑኤል ፊት እንቁም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በአግድም ወጣ ገባ ረድፍ ነው። በበሩና በመስኮቱ ማዕዘን ላይ አራት ማዕዘን ጉጦች ብቅ ብለዋል። እንዲህ የሚሠራው የአክሱም ግንበኛ ነው፤ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ ይገነባል፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት ጉጦችም ግንቡን አቋርጠው የሚያስሩት እንጨቶች ጫፍ ናቸው። አማኑኤል ላይ እንጨትም የሚታሰር ድንጋይም የለም፤ ጠራቢው ግን አባቶቹ ይገነቡት የነበረውን መልክ ሳያጓድል ቀረጸው። እንጨቱን በእውኑ ማየት የፈለገ እዚያው ላስታ፣ በዋሻ ውስጥ ወደቆመው ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ ይሂድ። ጥቁሩ እንጨትና በነጭ የተለሰነው ድንጋይ እየተፈራረቁ ያሳዩታል።

ዓለቱም ይለያያል። የኤሎራው ጥቁር ባዛልት ጠጣር ስለሆነ ጣትና ጌጥ ሳይቀር ይይዛል። የላሊበላው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ለመሮ ይቀላል፣ ውሃ ግን ስለሚጠጣ ስስ ቅርጽ በቶሎ ይፈርስበታል። ካይላሳን የሞላው የአማልክት ምስል በእኛዎቹ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ከቤተ ማርያም ፈረሰኞች በቀር እምብዛም አይገኝም፤ በቁመተ ሰው ልክ የተቀረጹት ቅዱሳንም ያሉት በቤተ ጎልጎታ ውስጥ ነው።

እንግዳ የሚያስጎበኙ ወገኖቻችን ጊዜ ካላቸው ይምርሃነ ክርስቶስን አስቀድመው ቢያሳዩ መልካም ነው። በማግሥቱ ቤተ አማኑኤል ሲደርሱ እንግዳው «ማን ሠራው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ረድፍ ያውቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከላስታ ላሊበላ፣ ወሎ